የመሬት ድርሻ፣ የእጅ ድርሻ

ኳሷ ከአሮጌ ካልሲ የተሠራች ናት። ሆዷ በአሸዋ ተጠቅጥቆ አፏ በሲባጎ ታስሯል። ስትወድቅ አትነጥርም፤ «ዱብ» ብላ ባረፈችበት ትቀራለች። እንዲህ አድርገው የሠሯት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በመጀመሪያ ያመጡት የቴኒስ ኳስ ከሦስተኛ ፎቅ ሲለቀቅ እየነጠረ ግቢውን አቋርጦ ስለሚሄድ፣ ከመለካቱ ይልቅ ኳሱን ማባረሩ ጊዜያቸውን በልቶባቸው ነበር።

ይህ የሆነው ፊዚክስ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው፦ ኳስን ከተለያየ ከፍታ መልቀቅ፣ መሬት እስኪደርስ የወሰደበትን ጊዜ መያዝ፣ ከዚያም የመሬት ስበት የሚወድቅን ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ በስንት እንደሚጨምር ማስላት። ቀመሩ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ ከፍታውን በሁለት አባዝቶ ለጊዜው ካሬ ማካፈል ነው። መልሱም አስቀድሞ መጽሐፋቸው ውስጥ አለ፦ 9.8።

አራት ከፍታ መረጡ፤ 1.5፣ 3፣ 6 እና 9 ሜትር። ከላይ ያለው ልጅ ሳይቆጥር ድንገት እጁን ይከፍታል። ከታች ያለችው ልጅ ዓይኗን ከኳሷ ሳትነቅል የስልኳን ስቶፕዎች በአውራ ጣቷ ታስነሣለች፣ ኳሷ ስታርፍ ታቆመዋለች። ከእያንዳንዱ ከፍታ አሥር አሥር ጊዜ ለቀው አማካዩን ያዙ። 0.40፣ 0.64፣ 0.95፣ 1.21 ሰከንድ ሆነ።

ስሌቱ ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከ1.5 ሜትር 18.8፤ ከ3 ሜትር 14.6፤ ከ6 ሜትር 13.3፤ ከ9 ሜትር 12.3። አንዱም 9.8 አጠገብ አልደረሰም። ሰዓት ያዧ ልጅ ግን ቁጥሮቹን በተራ አይታ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ስበቱ እየቀነሰ ነው።»

ይህችን አባባል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳወጣ ሳወርዳት ኖሬአለሁ። ልጅቷ አልሰነፈችም፣ አልገመተችም። የለካችውን አይታ፣ ከለካችው ተነሥታ ተናገረች፤ ከሳይንስ ተማሪ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ደግሞም ያለችው ነገር በመሠረቱ እውነት ነው፤ ከመሬት እምብርት በራቅን ቁጥር ስበት ይቀንሳል። ነገር ግን 9 ሜትር ወጥቶ የሚገኘው ቅናሽ 0.00003 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያህል ነው፤ በስልክ ስቶፕዎች የሚያዝ አይደለም። እነሱ ያገኙት ቅናሽ ግን ከ6 ይበልጣል። እውነተኛ ሕግ፣ ትክክለኛ የሐሳብ አካሄድ፣ በጥንቃቄ የተያዘ ቁጥር፤ ሦስቱ ተገናኝተው የወለዱት ድምዳሜ ስህተት ሆነ። ታዲያ ስህተቱ በየት በኩል ገባ?

የገባው በአውራ ጣቷ በኩል ነው። ኳሷ ድንገት ስትለቀቅ፣ ዓይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ ድረስ የሰከንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ሰዓቱ ዘግይቶ ይነሣል። ሲያበቃ ግን ኳሷን ከላይ ጀምራ እያየቻት ነው፤ የምታርፍበትን ቅጽበት አስቀድማ ታውቀዋለች፣ ጣቷም ተሰናድቶ ይጠብቃል። ሰዓቱ ብዙም ሳይዘገይ ይቆማል። መነሻው ላይ የጠፋው ጊዜ መድረሻው ላይ አይመለስም። ይህ ጉድለት ኳሷ ከየትም ትለቀቅ ከየት ያው ነው። በአጭሩ ውድቀት ከእውነተኛው ጊዜ ሩብ ያህሉን ይበላል፤ በረጅሙ ውድቀት ከዐሥር አንድ ያህሉን ብቻ። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የቀነሰው ነገር ስበት ሳይሆን የልጅቷ እጅ ድርሻ ነበር።

ሰው ዓለምን ሲለካ ራሱን አብሮ ይለካል። ይህን ሁሉም ሰው በአፉ ይለዋል። ስንት ስንት እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የሰው ልጅ አንዲት የምትወድቅ ኳስ ምን እንደምትሠራ ለማወቅ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የፈጀበትም አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ውድቀት ፈጣን ነው፤ ዓይናችንና እጃችን ደግሞ ቀርፋፋ ናቸው። ስለዚህ ክፍተቱን በምናምነው ነገር እንሞላዋለን።

አርስቶትል የከበደ ነገር በክብደቱ መጠን ይፈጥናል ብሎ አስተማረ። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል። በእኛም ቋንቋ «ከባድ ሰው» ማለት የሚፈራና የሚከበር ነው፣ «ቀላል ሰው» ማለት ደግሞ ስድብ ነው፤ ከባዱ መቅደም እንዳለበት ልባችን አስቀድሞ ፈርዷል። በ6ኛው መቶ ዘመን ግን በእስክንድርያ፣ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ትልክ በነበረችው በዚያችው ከተማ፣ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ሊቅ የአርስቶትልን መጽሐፍ ሲያብራራ ተቃወመው። አንዱ ከሌላው እጅግ የሚከብድ ሁለት ነገር ከአንድ ከፍታ ብትለቅ፣ በመድረሻ ጊዜያቸው መካከል ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ መሆኑን ታያለህ ሲል ጻፈ። የሙግቱ ኃይል «ታያለህ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ተማሪዎቼም አሸዋ በሞላበት ካልሲ አጠገብ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ካልሲ ለቀው አይተዋል፤ መሬት ከባዱን አብልጣ ትስበዋለች፣ ከባዱም አልንቀሳቀስ ማለቱ በዚያው ልክ ይበረታል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ይወርዳሉ።

ጋሊሊዮ ጋሊሌ ከፒሳው ዘማማ ግንብ ላይ ኳስ ለቀቀ የሚለውን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ታሪኩን የጻፈው ቪቪያኒ የሚባል ደቀ መዝሙሩ ነው፤ ጋሊሊዮ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው መጽሐፉ በዝርዝር የገለጸው ሙከራ ሌላ ነው፣ ለእኔም ከግንቡ ታሪክ ይበልጥብኛል። አሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት ባለው ጣውላ ላይ ቦይ አስቀረጸ። ቦዩን እንዲለሰልስ በብራና አለበሰው። ጣውላውን በአንድ ወገን ከፍ አድርጎ የነሐስ ኳስ አንከባለለበት። ጊዜውን የያዘው በውኃ ነው፤ ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቱቦ የሚወርደውን ውኃ በብርጭቆ እየተቀበለ በሚዛን መዘነው። ጋሊሊዮ እጁ ለውድቀት እንደማይደርስ አውቆ ነበር። ስለዚህ እጁን ከማፍጠን ይልቅ ውድቀቱን አዘገየው። የራስን አቅም ማወቅ የሙከራው የመጀመሪያ መሣሪያ ሆነ።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። ሪቾሊ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1640ዎቹ ቦሎኛ ከተማ ውስጥ፣ መቶ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ከሚቀረው ከአዚኔሊ ግንብ ላይ ኳሶችን ለቀቀ። ሰዓቱ የሚወዛወዝ ፔንዱለም ነበር። ፔንዱለሙ በስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ለማረጋገጥ ግን ዘጠኝ የማኅበሩን ሰዎች ሰብስቦ፣ ከአንድ ቀን እስከ ማግሥቱ ያለ ማቋረጥ እያፈራረቀ አስቆጠራቸው። ከ87,000 በላይ ውዝዋዜ ቆጠሩ። ሪቾሊ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በሚለው ጉዳይ የጋሊሊዮ ተቃዋሚ ነበር። ኳሶቹ ግን ጋሊሊዮ እንዳለው ወደቁ፤ በመጀመሪያው የጊዜ ክፍል 1 ቢወርዱ፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 7። ሪቾሊ ይህን አልደበቀም። ውጤቱን የጋሊሊዮ ተማሪ ለነበረው ለካቫሊየሪ ነገረው፣ በመጽሐፉም አተመው። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያስቆጥር ሰው ቁጥሩ ከማን ጋር እንደሚወግን አስቀድሞ አይጠይቅም።

እነዚህን ሰዎች ሳስብ ከክፍሌ አንድ ደብተር ትዝ ይለኛል። በዚያው ሳምንት የሌላ ቡድን ልጅ ሥራውን አምጥቶ ሰጠኝ። ጊዜዎቹ 0.55፣ 0.78፣ 1.11፣ 1.36 ይላሉ። መልሱ በአራቱም ከፍታ 9.8 አካባቢ ነው። ሥርዝ የለበትም፣ ድልዝ የለበትም። ከቀመሩ ወደ ኋላ ተሠርቶ የመጣ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ማየት አላስፈለገኝም። ሲጠየቅም አልካደም። «ቲቸር፣ መልሱ ይታወቃል፤ ለምን እንውደቅ?» አለኝ።

በአማርኛ ኳስም ተማሪም «ወደቀ» ይባላሉ። ልጁ የፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ስለፈራም የመጀመሪያውን ሳያይ ቀረ። አልተቆጣሁትም። ያሳዘነኝ ውሸቱ ብቻ አልነበረም። ያ ደብተር ባዶ ቤት ይመስል ነበር። ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው፤ ሰው ግን የለበትም። አውራ ጣት የለበትም፣ ድንጋጤ የለበትም፣ ከላይ የሚጮኸው ልጅ ድምፅ የለበትም። የእጅ ድርሻ ዜሮ የሆነበት ልኬት በዓለም ላይ የለም፤ ዜሮ ነው የሚል ካለ አልለካም ማለት ነው።

ሌላው ስህተት ደግሞ የሌላውን ሰው እጅ እንደ ጥፋት መቁጠር ነው። በእንግሊዝ አገር በግሪንዊች የከዋክብት መመልከቻ ዴቪድ ኪኔብሩክ የሚባል ወጣት ረዳት ነበር። ሥራው አንድ ኮከብ በቴሌስኮፑ ውስጥ ያለችውን ክር የሚያልፍበትን ቅጽበት፣ የሰዓቱን ምት በጆሮው እየቆጠረ መመዝገብ ነው። አለቃው ማስኬሊን የረዳቱ ቁጥር ከራሱ ቁጥር በ0.8 ሰከንድ እንደሚዘገይ ተመለከተ። አስጠነቀቀው፤ ልዩነቱ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1796 ከሥራው አሰናበተው። ኪኔብሩክ በ1802 ገና በወጣትነቱ ሞተ። ከእሱ ሞት በኋላ ዓመታት አልፈው ቤሴል የተባለው ጀርመናዊ የከዋክብት ተመራማሪ የዚህን ረዳት ነገር አንብቦ አንድ ጥያቄ አነሣ፦ የዘገየው ረዳቱ ነው ወይስ የቸኮለው አለቃው? ራሱን ከሌሎች የታወቁ ተመልካቾች ጋር አነጻጸረ። ሁሉም ይለያያሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ የሆነ፣ ብዙ የማይለዋወጥ ልዩነት አለው። ከዚያ ወዲያ የከዋክብት ተመልካቾች የእያንዳንዱን ሰው ልዩነት ለይተው ከስሌቱ መቀነስ ጀመሩ። ኪኔብሩክን እንጀራውን ያሳጣው ነገር የሁሉም ሰው ነገር ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ የራሳችንን ድርሻ በምን እንወቀው? ገበያ ወርዶ ማር የገዛ ሰው ግማሹን መልስ ያውቀዋል። ማሩ ከነዕቃው ሚዛን ላይ ሲወጣ «የዕቃው ይቀነስ» ይላል። ባዶው ዕቃ ለብቻው ይመዘናል፣ ከጠቅላላው ይቀነሳል፣ የቀረው ማር ነው። እጃችን ግን እንደ ዕቃው ባዶውን ሚዛን ላይ አይወጣም። ዓለምን ሳንነካ እጃችንን ለብቻው አንመዝንም፤ ከእጃችን ውጪም ዓለምን አንነካም። ዕቃውና ማሩ እንዲህ ከተጣበቁ ማን ከማን ይለያቸዋል?

የከፍታው መለያየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዕቃውን ባዶውን መመዘን ካልቻልክ፣ በዚያው ዕቃ ጥቂት ማር፣ ከዚያ ብዙ ማር፣ ከዚያም ከዚያ የበዛ ማር መዝን። የሚለዋወጠው የማሩ ነው፤ ሳይለዋወጥ የሚቀረው የዕቃው ነው። ለተማሪዎቼም በማግሥቱ ግራፍ ወረቀት አደልኳቸው። ቀመሩ ጊዜን ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚያያይዝ፣ በአግድሙ ስኩዌር ሩቱን፣ በቁሙ ጊዜውን አስቀመጡ። አራቱ ነጥቦች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው ሊባል በሚችል ሁኔታ ተሰለፉ። አንዷ ልጅ ማስመሪያዋን ወደ ላይ ወደ ታች እያለች በነጥቦቹ መካከል ካሳለፈች በኋላ ትንፋሿን ይዛ በሹል እርሳስ አሰመረች። መስመሩ ወደ ግራ ሲዘልቅ በዜሮ ላይ አላለፈም። የጊዜውን መስመር ከዜሮ በታች 0.15 ሰከንድ ላይ ቆረጠው።

«ከዜሮ በታች ጊዜ ምን ማለት ነው?» አለ አንዱ። «ኳሷ ሳትለቀቅ ደረሰች?»

ክፍሉ ሳቀ፤ ሳቁ ሲበርድ ግን ሰዓት ያዧ ልጅ አውራ ጣቷን አነሣች። «እኔ ነኝ» አለች። «ዘግይቼ የምጀምረው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ፈጣን ነበር። መስመሩ የት ላይ ይቆርጣል የሚለው የጣቷን ድርሻ ይነግራል፤ ተማሪዎቹ ስሎፕ የሚሉት የመስመሩ ዝንባሌ ደግሞ የመሬትን ድርሻ። ዝንባሌውን ይዘው ሲያሰሉ 9.75 ወጣ። 18.8ን እና 12.3ን ከሰጡት ከእነዚያው ልኬቶች፣ አንድም ቁጥር ሳይነካ፣ አንድም ሰዓት ሳይስተካከል፣ 9.75 ወጣ። ማስመሪያዋ በፀጉር ውፍረት ብትዞር 9.6 ወይም 9.9 ሊሆን ይችል እንደነበርም አየን፤ ስለዚህ ያገኘነውን ከነጥርጣሬው ጻፍነው። ከዚያም ግራፉ ላይ ከመስመሩ ጎን «መሬት» ብለው ጻፉ፤ ከዜሮ በታች ከተቆረጠው ነጥብ አጠገብ ደግሞ «እኛ»።

ያ ወረቀት ሁለት ክርክሮችን በአንድ ጊዜ ይመልሳል ብዬ አምናለሁ። አንዱ ተከራካሪ «እኔ ያየሁት እንዳለ እውነት ነው፤ የእኔ እጅ የለበትም» ይላል። ወረቀቱ «እኛ» የሚለውን ያሳየዋል። ሌላው ደግሞ ከዚህ ሸሽቶ «ሁሉም በገዛ ዓይኑ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ሁሉ የሚስማማበት እውነት የለም» ይላል። ወረቀቱ «መሬት» የሚለውን ያሳየዋል። ሁለቱ ቃላት የተነበቡት ከአንድ መስመር ነው። እጃችንን የገለጠልን መስመር መሬትንም ገለጠልን፤ አንዱን ክዶ ሌላውን መያዝ አይቻልም። የራሱን ስህተት በቁጥር ያወቀ ሰው ስለ ዓለም የመናገር መብቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገርም አለ፤ ከፊዚክስ ክፍል ውጭ ይዤው የኖርኩት ይህን ነው። የእጅ ድርሻ ከፍ ብሎ የታየው በአጭሩ ውድቀት ነው። ከ1.5 ሜትር የተገኘው መልስ ከእውነተኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ነገሩ ባጠረ ቁጥር ከነገሩ ይልቅ ለኪው ይበዛበታል። ሰውን በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ የስልክ ንግግር፣ በደጅ ላይ በተለዋወጥነው አንድ ቃል ስንፈርድበት፣ በአብዛኛው የምንለካው የራሳችንን ድንጋጤ ነው። የአገር ሽማግሌ ነገር ሲያይ በአንድ ቀን አይቆርጥም፤ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሁለቱን ወገን ደጋግሞ ይሰማል፣ ነገሩን ከሩቁም ከቅርቡም ያነሣዋል። ቀጠሮው ከፍታ መለዋወጥ ነው። በየቀጠሮው የማይለወጠው የሽማግሌው የራሱ ድርሻ ነው፤ እየጎላ የሚመጣው ደግሞ ነገሩ።

መጽሐፉ ውስጥ ስላለው መልስም አንድ ነገር ልበል። 9.8 ቅዱስ ቁጥር አይደለም። ስበት በምድር ወገብ በባሕር ወለል 9.78፣ በዋልታዎቹ 9.83 ያህል ነው። ለመለኪያ እንዲሆን በ1901 በዓለም አቀፍ ጉባኤ የተቆረጠው 9.80665 የስምምነት ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከባሕር ወለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የእርሷ ስበት 9.77 ገደማ ነው። በካልሲ ኳስና በስልክ ይህን ከ9.8 ለይቶ ማየት አይቻልም፤ ተማሪዎቼም ለዩት አልልም። ነገር ግን መልሱን ከመጽሐፍ የሚገለብጥ ልጅ የሌላ ሰው አገር ስበት እየገለበጠ መሆኑን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። የቆመበት ግቢ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ለማግኘት ያለው መንገድም መልቀቅና መያዝ ብቻ ነው።

ያን ባዶ ደብተር ይዞ የመጣው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ሰዓት ያዥ ልሁን አለ። ከአራቱም ከፍታ አሥር አሥር ጊዜ ያዘ፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ሦስተኛው ፎቅ አቅንቶ። የእሱ መስመር ጊዜውን የቆረጠው ከዜሮ በታች 0.08 ላይ ነው፤ ዝንባሌው ግን ከልጅቷ መስመር ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነበር። አውራ ጣቱ ሌላ ነው፣ መሬቱ ያው ነው። ደብተሩን ሲያስረክበኝ ገጹ በሥርዝና በድልዝ ተሞልቶ ነበር፤ መስመሩ ከዜሮ በታች በወረደበት ቦታ ላይም፣ እርሳሱን ጫን አድርጎ፣ «የኔ» ብሎ ጽፎበታል።